12/7/2000፦ ካምፑ ከተማ ሊሆን ነው፣ መዝገባችንስ?

ልጄ የተወለደው መጋቢት 12 ቀን 2000 ዓ.ም. ነው። ከአገር ስንወጣ በላስቲክ ጠቅልለን ያወጣነው የክርስትና ካርዱ ላይ በቁጥር 12/7/2000 ተብሎ ተጽፏል። ሚያዝያ 2016 እዚህ ኬንያ ስንመዘገብ፣ ከጠረጴዛው ወዲያ የነበረው ሠራተኛ ካርዱን አየና ያየውን ጻፈ፦ እ.ኤ.አ. ጁላይ 12 ቀን 2000። አንድም ቁጥር አልቀየረም። የ16 ዓመቱ ልጄ ግን በዚያች ደቂቃ የ23 ዓመት ጎልማሳ ሆነ። ቁመቱ ከእኔ ይበልጣል፣ ጢሙም አቆጥቁጧል፤ ማን ይጠርጥር? እኔም ቁጥሮቹን አየሁ፣ ልክ ናቸው አልኩ፣ ፈረምኩ። በፈረንጆቹ ትክክለኛው ቀን ማርች 21 ቀን 2008 ነበር።

ስህተቱን ያወቅነው ከዓመት በኋላ ነው። ባለቤቴ ካናዳ ናት። እኔንና ልጃችንን ለመውሰድ ማመልከቻ ስታስገባ የልጁን ልደት ማርች 21 ቀን 2008 ብላ ሞላች፤ እናት የወለደችበትን ቀን አትስትም። የእኛ ወረቀት ደግሞ ጁላይ 12 ቀን 2000 ይላል። ካናዳ እንደ ጥገኛ ልጅ የምትቀበለው ከ22 ዓመት በታች የሆነና ያላገባ ልጅን ነው። እንግዲህ በእሷ ወረቀት ልጁ ይሄዳል፣ በእኛ ወረቀት ይቀራል። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አድርጎ ለሚያነብ ሰው ደግሞ ከሁለታችን አንዳችን ዋሽተናል። ደብዳቤው የመጣው በትሕትና ነው፤ ልዩነቱን በማስረጃ አስረዱ ይላል። እኔም ከሰኔ ወዲህ በዚህ ጉዳይ ስድስት ጊዜ ተመላልሻለሁ።

የቢሮውንም የከተማውንም ስም አልጽፍም። አንደኛ ጉዳያችን ገና አላለቀም። ሁለተኛ፣ ሠራተኛው ክፉ ሰው አልነበረም፤ የተሰጠውን ቅጽ ነው የሞላው። ሦስተኛውን ምክንያት ለመናገር ትንሽ አፍራለሁ፤ እኔም አገር ቤት በአንድ ቀበሌ የክብር መዝገብ ሠራተኛ ነበርኩ። ከመስኮቱ ወዲያ ምን እንደሚደረግ አውቀዋለሁ፣ አድርጌዋለሁም።

ለምን አሁን?

እ.ኤ.አ. ማርች 28 ቀን 2025 የኬንያ መንግሥት የሺሪካን ዕቅድ ናይሮቢ ላይ ይፋ አደረገ። ስለ ዕቅዱ ካምፕ ውስጥ ያልተወራ የለም። ባጭሩ ዳዳብና ካኩማ ከካምፕነት ወጥተው፣ ስደተኛውና የአካባቢው ሰው አብረው የሚገለገሉባቸው ሰፈሮች ይሁኑ ነው የሚለው። ትምህርት ቤቱ፣ ጤና ጣቢያው፣ ውሃው ቀስ በቀስ ከእርዳታ ድርጅቶች እጅ ወጥቶ በመንግሥትና በካውንቲ አስተዳደር ሥር ይገባል። ለዚህ መንገድ የጠረገው የስደተኞች ሕግ በ2021 መጨረሻ ተፈርሞ ከፌብሩዋሪ 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ነው። ዕቅዱ ይሳካል ወይስ አይሳካም የሚለውን ለሌላ ቀን ልተወው። በ2025 የእርዳታ ገንዘብ እንዴት እንደተቆረጠ ደግሞ እኔ ልነግራችሁ አያስፈልግም፤ ራሽናችሁ ላይ አይታችሁታል። ዩኤንኤችሲአርም ሠራተኛ ቀንሷል።

እኔ ከዚህ ሁሉ የማየው አንድ ነገር አለ። እስከ ዛሬ «ይህ ሰው እገሌ ነው» ብሎ የሚመሰክርልን በዋናነት የዩኤንኤችሲአር ኮምፒውተር ነበር። አሻራችሁን ሰጥታችኋል፣ ዓይናችሁን አሳይታችኋል። ስማችሁ በአንድ ፊደል ቢሳሳትም ሰውየው እናንተ መሆናችሁን ማሽኑ ያውቃል። ማኒፌስት ቢጠፋባችሁ ሄዳችሁ ወረፋ ትይዛላችሁ፣ ያትሙላችኋል። የልደት ሰርተፍኬት፣ የጋብቻ ወረቀት፣ የሞት ማስረጃ፣ የንግድ ፈቃድ፣ የኪራይ ውል የሚሰጥ የአካባቢ ቢሮ ግን አሠራሩ ሌላ ነው። እሱ የሚያውቃችሁ መዝገቡ ላይ በተጻፈው ስምና ቀን ነው። ወረቀታችሁ ላይ ያለው ስም መዝገቡ ላይ ካለው ጋር አንድ ካልሆነ ፊታችሁን አይቶ «አይ፣ እሱው ነው» የሚል የለም።

እኛ ደግሞ ወደዚያ ቢሮ የምንሄደው በመጀመሪያው ቃለ መጠይቅ የተጻፈልንን ይዘን ነው። ያ ወረቀት በጥድፊያ፣ በአስተርጓሚ፣ በድካም የተሞላ ነው። ከእሱ ላይ ለልጅ ይገለበጣል፣ ከልጁ ላይ ለትምህርት ቤት ይገለበጣል፣ ከትምህርት ቤቱ ለፈተና ምዝገባ ይሄዳል። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባል የለ? ስህተቱም አብሮ ይወረሳል። ስለዚህ አገልግሎቱ ሁሉ ወደ አካባቢ መንግሥት ከመዞሩ በፊት መነጋገር ያለብን ስለ መዝገብ አያያዝ ነው ባይ ነኝ። ይህን የሚያነሳ ሰው ግን በስብሰባ ላይ አልሰማሁም። ሁሉም ስለ መሬትና ስለ ሥራ ፈቃድ ነው የሚያወራው። ልክ ናቸው፤ ግን የሥራ ፈቃዱም በስም ነው የሚወጣው።

ከመስኮቱ ወዲያ

በእኛ አገር የሲቪል መዝገብ ገና ሕፃን ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ክብር መዝገብ በዝርዝር ደንግጎ ነበር፤ ነገር ግን ያ ክፍል ሌላ ትእዛዝ እስኪወጣ ይቆይ ተባለና ቆየ። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ቆየ። አዋጅ ቁጥር 760/2004 ወጥቶ አገር አቀፍ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ነው። እዚህ ካምፕ ውስጥ ያለን አዋቂዎች አብዛኞቻችን በተወለድንበት ጊዜ የመዘገበን ቢሮ የለም ማለት ነው። ያለን የክርስትና ካርድ ነው፣ ወይም «ዕድሜህ ስንት ይሁን?» ተብሎ የተጻፈ የቀበሌ መታወቂያ።

እኔ የተቀጠርኩት ምዝገባው በተጀመረ በዓመቱ ነው። ልደት በ90 ቀን፣ ጋብቻና ሞት በ30 ቀን ውስጥ ይመዝገብ ይላል አዋጁ። ሰርተፍኬቱ አማርኛም እንግሊዝኛም አለው። አማርኛውን ባለጉዳዩን እየጠየቅን እንጽፋለን። እንግሊዝኛውን ግን እኛ ቢሮ ውስጥ ማንንም አንጠይቅም ነበር፤ በራሳችን ጆሮ፣ በዚያ ቀን በመጣልን መንገድ እንጽፈዋለን። ባለጉዳዩ እንግሊዝኛ አያነብም፣ ማን ያየዋል ብለን ነው። «ኃይለ ማርያም»ን ሰኞ አንድ ቃል አድርጌ ከጻፍኩት ሐሙስ ሁለት ቃል እሆናለሁ። «ፀሐይ»ን አንድ ጊዜ በ«ቲ» እና «ኤስ» እጀምራለሁ፣ ሌላ ጊዜ በ«ኤስ» ብቻ።

አንድ ቀን አንድ አባት የሦስት ልጆቹን ሰርተፍኬት ይዘው መጡ። ልጆቹን ወደ ውጭ ሊልኩ ነው፤ የአባትየው ስም በሦስቱ ላይ በሦስት ዓይነት እንግሊዝኛ ተጽፎ «የአንድ አባት ልጆች አይመስሉም» ተብለው ነው የተመለሱት። ሦስቱንም የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ፊርማዬ አለበት። ምን እንዳልኳቸው ታውቃላችሁ? «አባቴ፣ ይሄ አሁን በእኛ እጅ አይደለም፣ ፍርድ ቤት ይሂዱ» አልኳቸው። ሄዱ። ሲመለሱ አላየኋቸውም። እዚህ መስኮት ፊት ቆሜ ያንኑ ቃል በእንግሊዝኛ ስሰማ የታወሱኝ እሳቸው ናቸው።

እዚህ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል። ቅጹ ሦስት ሳጥን አለው፤ የመጀመሪያ ስም፣ የመካከለኛ ስም፣ የቤተሰብ ስም። የእኛ ስም፣ የአባት ስምና የአያት ስም በሦስቱ ሳጥን ልክ የሚገባ ይመስላል። ስሙ ገብረ መድኅን፣ አባቱ ወልደ ሥላሴ የሆነ ሰው ሲመጣ ግን «ገብረ» ስሙ ይሆናል፣ «መድኅን» አባቱ ይሆናል፣ «ወልደ» የቤተሰቡ ስም ይሆናል፣ ሥላሴ ቦታ አጥቶ ይቀራል። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ሠራተኛ ደግሞ አንድ ላይ ገጥሞ ይጽፈዋል። ኮምፒውተር ላይ ሲፈለግ «አልተገኘም» ነው መልሱ። ሴቶቻችን አግብተው የባላቸውን ስም አይወስዱም፤ ስለዚህ ባልና ሚስት አንድም የሚገናኝ ስም የላቸውም። ልጁም ከእናቱ ጋር የሚጋራው ስም የለም። የእኛን ልማድ የማያውቅ ሠራተኛ «ይቺ በእውነት እናቱ ናት?» ብሎ ቢጠይቅ አልፈርድበትም። ያልገባው እኛ ያልነገርነው ነገር ነው፤ ቅጹም አይጠይቅም።

የቀኑ ነገር ከስሙ ይብሳል። ስም ሲሳሳት ቢያንስ ዓይን ላይ ይታያል። 12/7/2000 ግን ትክክለኛ ቀን ይመስላል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ የሰባት፣ ከዚያ በኋላ የስምንት ዓመት ልዩነት እንዳለን የማያውቅ ሰው ምኑን ይጠርጥር? ጳጉሜ የተወለደ ሰው ደግሞ ጭራሽ ቦታ የለውም። 3/13 ብሎ ሲገባ ኮምፒውተሩ አይቀበልም፤ ሠራተኛው ወደ ታኅሣሥ ይቀይረዋል ወይም ጃንዋሪ 1 ይለዋል። ስለ ጃንዋሪ 1 ካነሳን፣ በብሎካችሁ ውስጥ ጃንዋሪ 1 «የተወለዱ» ሰዎችን ቁጠሩ። ዓመቱን ብቻ ያወቀ ሁሉ ልደቱ ያ ቀን ነው። እኛ ብሎክ አንድ ላይ ድግስ ብንደግስ ድንኳን አይበቃንም።

ሁለት መስመር

ስለ መሻሻል ሲነሳ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚለው «ኮምፒውተር ይግባ» ነው። ኮምፒውተር ገብቷል እኮ። ኬንያ ብዙ አገልግሎቷን ኢ-ሲቲዝን ላይ አድርጋለች፤ የእኔም ልጅ ስህተት ያለው ኮምፒውተር ውስጥ ነው። ኮምፒውተር 12/7/2000ን ከእጅ ጽሑፍ በፈጠነ ሁኔታ ተቀብሎ ለአሥር ቢሮ ያሰራጫል።

እኔ የምለው ከዚያ በጣም ያነሰ ነገር ነው። መዝገቡ ሰው የተናገረውንና ቢሮው ከዚያ ተነስቶ የጻፈውን ለየብቻ ይያዝ። ሁለት መስመር ይኑረው። በመጀመሪያው መስመር ላይ ባለጉዳዩ ያለው ወይም ማስረጃው ላይ ያለው እንደወረደ ይጻፍ፦ «መጋቢት 12 ቀን 2000፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ከክርስትና ካርድ የተወሰደ።» ወሩ በቁጥር ሳይሆን በስሙ ይጻፍ፤ «መጋቢት» የሚለውን ቃል ጁላይ ብሎ የሚያነብ ሰው በዓለም ላይ የለም። በሁለተኛው መስመር ላይ ቢሮው የቀየረው ይጻፍ፦ ማርች 21 ቀን 2008፣ የቀየረው እገሌ። ስምም እንዲሁ። አንደኛው መስመር ላይ ባለጉዳዩ በራሱ እጅ፣ በራሱ ፊደል ሙሉ ስሙን፣ የአባቱንና የአያቱን ስም ይጻፍ፤ መጻፍ የማይችል አስተርጓሚው ይጻፍለት። የኬንያው ሠራተኛ አማርኛ ማንበብ አይጠበቅበትም። የሚጠበቅበት ያንን መስመር አለመጣል ብቻ ነው። አሥር ዓመት ቆይቶ ጥያቄ ሲነሳ የሚያነብ ሰው አይጠፋም።

ይህ የሕልም እንጀራ አይደለም። አገር ቤት በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የመጣው የፋይዳ መታወቂያ ላይ ስም በአማርኛም በእንግሊዝኛም፣ የልደት ቀንም በሁለቱም አቆጣጠር ተጽፎ ይወጣል። ከሸሸነው አገር ደህና ነገር ሲጠቀስ የሚያንገሸግሸው አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። ስለ ፋይዳ ብዙ የሚያከራክር ነገር አለ፤ እዚህች ላይ ግን ልክ ሠርተዋል።

ሁለቱ መስመሮች ትልቁ ጥቅማቸው ስህተት ሲገኝ ነው። አሁን ያለው አሠራር ሁሉንም እርማት በአንድ ዓይን ያያል። ሠራተኛው የሳተውም፣ ባለጉዳዩ ቆይቶ ሐሳቡን የቀየረውም አንድ ላይ «የዕድሜ ለውጥ ጥያቄ» ነው የሚባሉት። ሁለቱም ጠበቃ ፈልጉ፣ አፊዴቪት የሚሉትን ቃለ መሐላ አጽፉ፣ ክፈሉ፣ ጠብቁ ይባላሉ። ቢሮዎቹ ለምን እንደሚጠነቀቁ ይገባኛል። በመካከላችን ለጉዞ ሲባል ዕድሜ የሚቀንስ የለም ብዬ አልምልም፤ እኔም እናንተም የምናውቀው ነገር ነው። ግን ውሸቱን ከስህተቱ የሚለየው የመጀመሪያው ቀን የተነገረው ነገር ነው። የልጄ ፋይል ውስጥ የክርስትና ካርዱ ኮፒ ቢኖር ኖሮ፣ ካርዱን ከመዝገቡ ጋር አስተያይቶ የአቆጣጠር ስህተት መሆኑን ማወቅ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነበር። ሠራተኛው ግን ካርዱን አይቶ መለሰልኝ፤ ኮፒ አላስቀረም። አሁን ካርዱን ሳሳይ «ይሄ ከየት መጣ? ያኔ ለምን አላቀረብክም?» ተባልኩ። አቅርቤ ነበር። ማን ይመስክርልኝ?

ሌላው ከመፈረም በፊት ማንበብ ነው። የተጻፈው ነገር ጮክ ተብሎ፣ ባለጉዳዩ በሚሰማው ቋንቋ ይነበብለት። አስተርጓሚው «ልጅህ ጁላይ፣ በእኛ ሐምሌ፣ የተወለደ የ23 ዓመት ሰው ነው ብለው ጽፈዋል፤ ልክ ነው?» ቢለኝ ኖሮ ከወንበሬ እዘል ነበር። ማንም አላነበበልኝም፤ እኔም እንዲያነቡልኝ አልጠየቅኩም። እኔ እንኳ፣ ስንት ሰው ያስፈረምኩት፣ አልጠየቅኩም። የአስተርጓሚው ስምም መዝገቡ ላይ መኖር አለበት፤ ሥራው ከባድ ነው፣ ኃላፊነቱም እንደዚያው።

«ወረፋው ሁለት መቶ ሰው ነው፣ ለሁሉም ማን ያነባል?» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። እኔም አገር ቤት ያልኩት እሱኑ ነው። ግን ከሰኔ ወዲህ ስድስት ጊዜ ስመላለስ ስድስት ጊዜ አንድ ሠራተኛ ፋይል ፈልጎልኛል፣ ኃላፊ ጠይቆልኛል፣ ነገ ተመለስ ብሎኛል። የእኔን የቦዳ ቦዳ ሂሳብ ተዉት፤ ቢሮው በእኔ ላይ ያጠፋው ሰዓት ለስንት ሰው ያነብ ነበር?

ፋይሉ ሁለተኛ ቦታ መቀመጥ እንዳለበትም ላንሳ፣ ባጭሩ። በሰሜኑ ጦርነት በትግራይ፣ በአማራና በአፋር ስንት የመንግሥት ቢሮ እንደተዘረፈና እንደተቃጠለ ብዙዎቻችሁ በዓይናችሁ አይታችኋል። መዝገቡ አንድ ቦታ ብቻ የነበረበት ቀበሌ ዛሬ ማስረጃ ቢጠየቅ የሚልከው የለውም። ለብዙዎቻችን በላስቲክ የጠቀለልነው ወረቀት ኮፒ ሳይሆን የቀረን ብቸኛው ነገር ነው።

«ኤምባሲህ ሂድ»

በሦስተኛው ምልልሴ «ቀኑን ኤምባሲህ ያረጋግጥልህና አምጣ» ተባልኩ። ያለው ሰው ስደተኛ ማለት ምን እንደሆነ አልጠፋውም፤ ቅጹ ላይ የተጻፈውን ነው ያነበበልኝ። ለውጭ አገር ሰው ሁሉ የተጻፈ ቅጽ ነው። ግን እኛ ኤምባሲያችንን የምንፈራው ወይም ብንሄድም የማያስተናግደን ስለሆንን ነው እኮ እዚህ ያለነው።

ይህን ነገር የ1951ዱ የስደተኞች ኮንቬንሽን አስቦበታል። አንቀጽ 25ን እወቁት። ስደተኛ አንድን መብቱን ለመጠቀም ከአገሩ ባለሥልጣን የሚያገኘው ማስረጃ ሲያስፈልገውና ያንን ማግኘት ሳይችል ሲቀር፣ የሚኖርበት አገር እንዲያገኝ ያመቻችለት ይላል። በዚህ መንገድ የተሰጠው ወረቀት ከአገሩ የሚመጣውን ወረቀት ይተካል፤ ተቃራኒ ማስረጃ እስካልቀረበ ድረስም ይታመናል። ክፍያውም ለዜጎች ለተመሳሳይ አገልግሎት ከሚጠየቀው ጋር የተመጣጠነና መካከለኛ ይሁን፣ ለችግረኛም አስተያየት ይደረግ ይላል። ኬንያ ኮንቬንሽኑን የተቀበለችው በ1966 ነው፣ ኢትዮጵያ በ1969፣ ሁለቱም በፈረንጆቹ። ኢትዮጵያ ራሷ የወሳኝ ኩነት አዋጁን በአዋጅ ቁጥር 1049/2009 አሻሽላ ከጥቅምት 17 ቀን 2010 ጀምሮ በምድሯ ያሉ ስደተኞችን ልደትና ጋብቻ መመዝገብ ጀምራለች። ስለዚህ ለሱዳናዊውና ለሶማሊያዊው ስደተኛ እዚያ የሚቻለው ለእኛ እዚህ የማይቻልበት ምክንያት አይታየኝም። የሕግ ምክር ካስፈለጋችሁ የኬንያ የስደተኞች ኮንሶርቲየም በነፃ ይረዳል፤ ጠበቃ ፍለጋ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት እነሱን ጠይቁ።

እዚህ ለተወለዱ ልጆች ደግሞ ነገሩ ቀላል ነው፣ ጊዜ ካላሳለፋችሁ። በኬንያ ሕግ ልደት በስድስት ወር ውስጥ ይመዘገባል፤ ከዚያ ካለፈ የዘገየ ምዝገባ ነው፣ ተጨማሪ ማስረጃና ክፍያ ይመጣል። ሆስፒታል የምትሰጣችሁ ወረቀት የልደት ማሳወቂያ እንጂ ሰርተፍኬት አይደለችም። ስንት እናት ያቺን ወረቀት ሰርተፍኬት ናት ብላ ለዓመታት አስቀምጣ ትምህርት ቤት ስትሄድ ደነገጠች። ቤት የተወለደ ልጅ ደግሞ የሚመዘገበው በአካባቢው ረዳት ቺፍ በኩል ነው።

«ልጄን ካስመዘገብኩ ኬንያዊ ይሆንብኛል፣ ሪሴትልመንት ይቀርብኛል» የሚል ወሬ በየሻይ ቤቱ እሰማለሁ። አይሆንም። በኬንያ የ2010 ሕገ መንግሥት በመወለድ ዜጋ የሚሆነው እናቱ ወይም አባቱ ኬንያዊ የሆነ ሰው ነው፤ ሰርተፍኬቱ የትና ከማን እንደተወለደ ብቻ ነው የሚናገረው። በእኛ የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 ደግሞ ከወላጆቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ልጅ የትም ቢወለድ ኢትዮጵያዊ ነው። ያንን ለማሳየት ግን የወላጁ ስም በትክክል የተጻፈበት ወረቀት ያስፈልጋል። ወረቀት የሌለው ልጅ ነው የየትም ሳይሆን የሚቀረው።

ቢሮዎቹ እስኪሻሻሉ ምን እናድርግ ለምትሉ፣ እኔ አሁን የማደርገውን ልንገራችሁ። ማንኛውም ቢሮ ስሄድ በትንሽ ወረቀት ላይ የሁላችንንም ሙሉ ስም በአማርኛና በእንግሊዝኛ፣ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት አጻጻፍ፣ ጽፌ እይዛለሁ። የልደት ቀን በፈረንጆቹ ቀይሬ፣ ወሩን በስሙ ጽፌ እሰጣለሁ። ከመፈረሜ በፊት «ዕድሜው ስንት ሆነ?» ብዬ እጠይቃለሁ፤ ቀኑን ሳይሆን ዕድሜውን። የፈረምኩትን ከቻልኩ በስልክ ፎቶ አነሳለሁ። አንዳንዱ ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው ይላል፤ ያኔ የሠራተኛውን ስም፣ የመስኮቱን ቁጥርና ቀኑን ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ። እናንተም የዩኤንኤችሲአሩን መዝገብ ስላስተካከላችሁ የመንግሥቱ አብሮ ተስተካከለ ብላችሁ አትተኙ። እኔ አንዱን ካስተካከልኩ በኋላ ነው ሌላው ሳይነካ እንደቀረ ያወቅኩት።

ባለፈው ሳምንት ስድስተኛ ጊዜ ስሄድ አንድ ገጽ ሠርቼ ይዤ ነበር። የአሥራ ሦስቱን ወሮቻችንን ስም በእንግሊዝኛ ፊደል፣ እያንዳንዱ ወር አንድ ብሎ የሚጀምርበትን የፈረንጅ ቀን፣ ከጎኑም ሰባት ወይም ስምንት ዓመት እንደሚጨመር። መስከረም 1 ሴፕቴምበር 11፣ ጳጉሜ ስድስት ከሆነች በኋላ 12። መጋቢት 1 ማርች 10። ወጣቱ ሠራተኛ ተቀብሎኝ ቁጭ ብሎ አነበበው። የልጄን 12/7/2000 በጣቱ እየቆጠረ ራሱ ቀየረውና ማርች 21 ቀን 2008 ላይ ደረሰ። ቀና ብሎ አየኝ። «ስለዚህ ከእናንተ አገር የመጡት ሁሉ እንዲህ ናቸው?» አለ። ሁሉም አይደሉም፣ ቀኑን ቀይረው የሚናገሩም አሉ፣ ከየትኛው እንደሆነ ግን ካልጠየቅክ አታውቅም አልኩት። ገጹን ኮፒ አድርጎ አንዱን መስኮቱ አጠገብ ለጠፈው።

የልጄን ፋይል ግን እሱ ማረም አይችልም። ወደ ዋናው ቢሮ ልኬዋለሁ፣ በሁለት ሳምንት ተመለስ ብሎኛል።